ባቡር ማለት እንፋሎት ነው
ትንሿ የእንፋሎት ባቡር ለቤተሰቦቻችንና ለወጣቶቻችን ምን ታስተምራለች?

በጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእስቴ አንዲት እናት «ባቡር ደርሼ ልምጣ» ብትል፣ ጓዟን ጠቅልላ ሩቅ አገር ልትሄድ ነው ብሎ የሚደነግጥ ሰው የለም። እህሏን በጆንያ አሸክማ ወደ ወፍጮ ቤት መሄዷ መሆኑን ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። በእነዚህ ወረዳዎች የባቡር ሐዲድ አልፎ አያውቅም። ስሙ ግን በየመንደሩ አለ። ለመሆኑ ይህ ስም ከየት መጣ?

«ባቡር» የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የመጣው ከዐረብኛው «ባቡር» ወይም «ዋቡር» ነው። የዐረብኛው መነሻ ደግሞ «ቫፖሬ» የሚለው የጣሊያንኛ ቃል ሲሆን ትርጉሙ እንፋሎት ማለት ነው። በግብፅ በላምባ የሚሠራው የማብሰያ ምድጃ እንኳ «ዋቡር» ይባላል። በእኛም አገር በሐዲድ የሚሄደው «የምድር ባቡር»፣ በሞተር የሚፈጨውም ወፍጮ «ባቡር» ተብለው ቀሩ። እንግዲህ መኪናው በናፍጣም ይሥራ በኤሌክትሪክ፣ ስሙ የሚመሰክረው ለእንፋሎት ነው።

ዛሬ ለውድ አንባቢያን የምናቀርበው ጽሑፍ በጠረጴዛ ላይ ልትቀመጥ ስለምትችል፣ ነገር ግን እውነተኛ እሳትና ውሃ ስላላት ትንሽ የእንፋሎት ባቡር ነው። ስለ እርሷ ስናወራም ከእርሷ የሚበልጥ አንድ ጉዳይ እናነሣለን። ይኸውም ብረት ቀጥቅጦና ሞርዶ የሚያድር ሰው በመካከላችን ያለው ክብር ነው።

ትንሿ ባቡር እንዴት ትሠራለች?

በባትሪ የምትሽከረከር የሱቅ መጫወቻ ከዚህች ጋር አትነጻጸርም። ትንሿ የእንፋሎት ባቡር የትልቁን ባቡር ሥራ ሁሉ በራሷ ትሠራለች። ውሃ ትጠጣለች፣ ከሰል ወይም ጋዝ ታነዳለች፣ እንፋሎት ታመነጫለች፣ በዚያም ጉልበት ትሄዳለች። በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን እንዲህ ያሉትን በገዛ እጃቸው የሚሠሩ ብዙ ሰዎች አሉ። በእንግሊዝ አገር ለዚህ ሙያ የሚታተም መጽሔት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1898 ነው።

ከታወቁት የትንንሽ ሐዲድ ስፋቶች አንዱ 45 ሚሊ ሜትር ነው። ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረው የቀድሞው ባቡራችን ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነበር። ስለዚህ ያንን ባቡር 22 እጥፍ ከግማሽ ብናሳንሰው በዚሁ በ45 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ከሞላ ጎደል ይቆማል። 10 ሜትር ርዝመት ያለው ባቡር 44 ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው።

የውስጥ አሠራሩ እንዲህ ነው። ውሃ ሲፈላ ወደ እንፋሎት ይለወጣል። አንድ ሊትር ውሃ በክፍት ቦታ ሲተን ከ1,600 ሊትር በላይ የሚሆን ቦታ ይፈልጋል። በዝግ ማፍያ ውስጥ ግን ያን ያህል ቦታ ስለማያገኝ ግድግዳውን ይገፋል። ይህ ግፊት በቧንቧ ወደ ሲሊንደር ሲገባ ፒስተኑን ይነዳዋል። ቫልቭ የተባለው ክፍል ደግሞ እንፋሎቱን አንድ ጊዜ በፊት፣ አንድ ጊዜ በኋላ እያስገባ ፒስተኑን ያመላልሰዋል። ፒስተኑም በዘንግ አማካይነት ጎማውን ያዞረዋል።

ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት ዝም ብሎ አይጣልም። በጭስ ማውጫው በኩል ወደ ላይ ሲወረወር ጭሱን ይዞት ይወጣል፤ ጭሱ በወጣ ቁጥርም አዲስ አየር በእሳቱ በኩል ይሳባል። ባቡሩ ሸክም ሲበዛበት ትንፋሹ ይበረታል፣ ትንፋሹ ሲበረታ እሳቱ ይነዳል፣ እሳቱ ሲነድ ጉልበቱ ይጨምራል። በሌላ አነጋገር ባቡሩ የራሱን ወናፍ ይዞ ይሄዳል። የአገራችን አንጥረኛ ይህን ሲሰማ ከማንም በፊት ይገባዋል።

ትልቁ የተወለደው ከትንሹ ነው

እንፋሎትን ለሥራ ማዋል በአንድ ቀን የተገኘ ነገር አይደለም። በደማስቆ የተወለደው ሙስሊሙ የሥነ ፈለክና የመካኒክ ሊቅ ተቂዩዲን እ.ኤ.አ. በ1551 በጻፈው መጽሐፍ፣ ከዕቃ አፍ የሚወጣ እንፋሎት መዘውር እየመታ የጥብስ ሥጋ የተሰካበትን ዘንግ ሲያዞር ገልጿል። ነገሩ የወጥ ቤት ሥራ ነው። ሐሳቡ ግን ትልቅ ነው።

በእንግሊዝ አገር ዊልያም መርዶክ የተባለ የእጅ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1784 በእንፋሎት የምትሄድ ትንሽ ሞዴል ሠርቶ አስኬደ። ሪቻርድ ትሬቪዚክም መጀመሪያ ትንንሽ ሞዴሎችን ሠራና ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1804 በሐዲድ ላይ ጭነት የሚጎትት ባቡር አሳየ። ዓለምን የለወጠው መኪና ከፋብሪካ በፊት በትንሽ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተፈትኗል። ስለዚህ አንድ ወጣት በትንሽ ብረት ላይ ሲጎነበስ ባየን ጊዜ «የልጅ ጨዋታ» ብለን ባናልፈው መልካም ነው።

በ1860 ዓ.ም. የሆነው

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ ጋፋት የሚባል ቦታ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከስዊዘርላንድና ከጀርመን የመጡ፣ እንደነ ዋልድማየር ያሉ ወንጌላውያን የእጅ ባለሙያዎችን በዚያ አስፍረው መድፍ ያሠሩ ነበር። ንጉሡ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ያስገድዱ እንደነበር ታሪክ መዝግቦታል። ይህን ሳንረሳ፣ ለእጅ ሥራ የነበራቸውን ጉጉት ግን መካድ አይቻልም። በ1858 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ላይ የእንፋሎት መርከብን ለማስመሰል በጎንና በጎናቸው መዘውር የተገጠመላቸው ጀልባዎች አሠርተው ነበር። መዘውሩን የሚያዞረው ግን የሰው ክንድ ነበር። እንፋሎቱ አልነበረም። ከእንግሊዝ አገር ባለሙያዎችና ማሽኖች እንዲላኩላቸው ጠይቀውም ተልከው ነበር፤ በእስረኞቹ ጉዳይ ምክንያት ግን ከምጽዋ ሳያልፉ ቀሩ።

በጋፋት ከተሠሩት መድፎች ትልቁ ሴባስቶፖል ይባላል። ክብደቱ ከ60 እስከ 70 ኩንታል ይገመታል። ንጉሡ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲሄዱ ይህን መድፍ ይዘው ነበር። መንገዱ በጋይንት በኩል በጨጨሆ አልፎ ወደ ዋድላና ደላንታ የሚያመራ ነው። ገደሉ እየተናደ፣ ድንጋዩ እየተፈለጠ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር እየጎተቱ መድፉ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። ጉዞው ወደ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። መድፉ ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ አለ።

በእነዚያው ወራት በቀይ ባሕር ዳርቻ ሌላ ነገር ይሠራ ነበር። የናፒየር ጦር በዙላ ወደብ ወርዶ እስከ ተራራው ግርጌ እስከ ኩማይሌ ድረስ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ ዘረጋ። ከሕንድ የመጡት ባቡሮች አሮጌ ስለነበሩ እየተበላሹ ብዙ ያስቸግሩ ነበር። ያም ሆኖ ስንቅና ጥይት አመላለሱ። ጦሩ ሲመለስ ሐዲዱም ተነቀለ።

አንባቢ ሆይ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። በዙላ እሳትና ውሃ ሸክም ይጎትታሉ፤ በጋይንት ዳገት የሰው ትከሻ ይጎትታል። ልዩነቱ ምን ነበር? ውሃው እኛም ዘንድ ነበር። እሳቱም፣ ብረቱም፣ ወናፉም ነበር። ብርታቱንማ መንገዱ ይመሰክራል። ያልነበረው ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ተማሪ እየተሻሻለ የሚሄድ፣ የተከበረ የእጅ ሙያ ነው። ሙያው የነበራቸው ሰዎች ነበሩ፤ እነርሱን ግን ማኅበረሰቡ አርቋቸው ነበር።

ማረሻውን ወደን ቀጥቃጩን ስንጠላ

እውነቱን እንነጋገር። በአካባቢያችን ማረሻ፣ ማጭድና ምሳር የሌለው ገበሬ የለም። ማረሻውን እንፈልገዋለን። ማረሻውን የቀጠቀጠውን ሰው ግን ስንቶቻችን ነን በሙሉ ዓይን የምናየው? «ጠይብ» የሚለው የሙያ ስም ስድብ ሆኗል። ከዚያም አልፎ ባለሙያውን በዘሩ «ቡዳ» ብሎ መፈረጅ፣ ጋብቻ መከልከል፣ ማዕድ መለየት የቆየ በሽታ ነው። ይህ በሽታ በሙስሊሙ ቤትም አልገባም ለማለት አንችልም።

እስልምና ግን በዚህ ጉዳይ የያዘው አቋም ግልጽ ነው። ቁርኣን በሱረቱ ሰበእ አላህ (ሱ.ወ.) ለነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ብረትን እንዳገራላቸው፣ ጥሩርም እንዲሠሩና ሰንሰለቱን በልክ እንዲያደርጉ እንዳዘዛቸው ይነግረናል። ልክ የሚለውን ቃል ልብ እንበል፤ ሥራው ብቻ ሳይሆን የሥራው ትክክለኛነትም ታዟል። ከሱራዎቹም አንዱ «አል-ሐዲድ»፣ ማለትም ብረት ይባላል። ነቢዩ ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው ከሚበላው ምግብ ሁሉ በላጩ በእጁ ሠርቶ ያገኘው መሆኑን ሲያስተምሩ ምሳሌ ያደረጉት ይህንኑ ነቢይ ዳውድን ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚነካ ታሪክ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸውን ኢብራሂምን እንዲያጠቡ ከሰጧቸው ሴት ጋር የሚኖረው ባል አቡ ሰይፍ የተባለ ብረት ሠሪ ነበር። መልእክተኛው ልጃቸውን ሊጠይቁ ወደዚያ ቤት ይሄዱ ነበር። አነስ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት ቤቱ በወናፍ ጭስ ይሞላ ነበር። የአላህ መልእክተኛ ልጅ ያደገው በአንጥረኛ ቤት፣ በወናፍ ድምፅ መካከል ነው። ከቀደምት ሶሐቦች አንዱ የሆኑት ኸባብ ኢብኑል አረትም (ረ.ዐ.) በመካ ሰይፍ የሚሠሩ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። እንግዲህ ነቢያችን ልጃቸውን አደራ የሰጡበትን ሙያ እኛ በምን መብት እንንቃለን? ሰውን በማስረጃ ሳይሆን በጥርጣሬ መፈረጅና በሰው ላይ መሳለቅም በሱረቱል ሑጁራት የተከለከሉ ናቸው።

የሂጃዙና የድሬዳዋው ባቡር

ሙስሊሞች ለሙያ ቦታ ሲሰጡ ምን እንደሠሩ የሂጃዝ ባቡር ያሳያል። ሱልጣን ዐብዱልሐሚድ በ1318 ዓመተ ሂጅራ ያስጀመሩት ይህ ሐዲድ ከደማስቆ ተነሥቶ በ1326 መዲና ገባ፤ ርዝመቱም 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ወጪውን ለመሸፈን ከብዙ አገሮች ሙስሊሞች መዋጮ ልከዋል። በግመል ሳምንታት ይፈጅ የነበረው የሐጅ መንገድ በቀናት የሚቆጠር ሆነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከፍተኛ ጉዳት ደረሰበት። የመዲናው ጣቢያ ግን ዛሬ ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል።

በእኛም አገር ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የሐዲድ ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ዛሬ ድሬዳዋ ከተባለው ቦታ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ድሬዳዋ ከተማ የሆነችው በባቡሩና በጥገና ክፍሉ ምክንያት ነው። ናፍጣ እስኪተካው ድረስ እንፋሎቱን ሲያስነሡ፣ ቧንቧ ሲጠርጉ፣ ፒስተን ሲለውጡ የኖሩት የዚያ ጥገና ክፍል ሠራተኞች ለአገሪቱ ትልቅ ትምህርት ቤት ነበሩ። በአስመራም ከምጽዋ ጋር የሚያገናኘው ሐዲድ በጦርነት ከፈረሰ በኋላ፣ ጡረታ ወጥተው የነበሩ አዛውንት ሠራተኞች ተመልሰው አሮጌዎቹን የእንፋሎት ባቡሮች ጠግነው አስነሥተዋል። መጽሐፍ ቢጠፋ እንኳ እጅ ያስታውሳል ማለት ይህ ነው።

ጥገና አማና ነው

የእንፋሎት መኪና ቸልተኛን አይምርም፤ ትንሿም ብትሆን። ስለዚህ ባለቤቶቿ የሚጠብቋቸው ሕግጋት አሉ።

አንደኛ፣ ማፍያው ከወፍራም መዳብ ይሠራል፣ ብር በተቀላቀለበት ብየዳም ይያያዛል። በስታኞ የተያያዘ ቆርቆሮ በሙቀት ይለቃልና ለማፍያ አይሆንም። ሁለተኛ፣ እሳት ከመንካቱ በፊት ቀዝቃዛ ውሃ ተሞልቶ ከሚሠራበት ግፊት እስከ እጥፍ በሚደርስ ግፊት ይፈተናል። በውሃ የሚፈተነውም ምክንያት ስላለው ነው፤ ውሃ ቢያፈስስ ዝም ብሎ ይንጠባጠባል፣ የታፈነ እንፋሎት ግን ይፈነዳል። ሦስተኛ፣ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ በራሱ የሚከፈት መተንፈሻ ቫልቭ የግድ ያስፈልጋል፤ በየጊዜውም መሥራቱ ይረጋገጣል። አራተኛ፣ የውሃው መጠን ከእሳቱ ክፍል ጣሪያ በታች መውረድ የለበትም። ውሃ የተለየው መዳብ ወዲያው ይቃጠላል።

አምስተኛው የውሃው ዓይነት ነው። በቤታችን በራድ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ሁላችንም እናውቀዋለን። ያው ቅርፊት ማፍያ ውስጥ ሲጋገር ሙቀት ያግዳል፣ ቧንቧም ይደፍናል። ስለዚህ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ወይም የተጣራ ውሃ ይመረጣል። በመጨረሻም ከሥራ በኋላ ውሃው ይወጣል፣ አመዱ ይጠረጋል፣ ተንቀሳቃሹ ክፍል ዘይት ይጠጣል።

ትንሽነትም የራሱ ችግር አለው። አንድን ዕቃ 10 እጥፍ ብናሳንሰው የላዩ ስፋት 100 እጥፍ፣ የሚይዘው መጠን 1,000 እጥፍ ይቀንሳል። ስለዚህ ትንሹ ከትልቁ ይልቅ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። ትንሿ ሲኒ ከድስቱ በፊት የምትቀዘቅዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ሠሪዎቹም ማፍያውን ሙቀት በሚይዝ ነገር ይሸፍኑታል።

እነዚህን ሕግጋት የሚጠብቅ ወጣት ስለ ባቡር ብቻ አይማርም። ሰው ሳያየው ቫልቭ መፈተሽን፣ የሰው ሕይወት አማና መሆኑን ይማራል። አንድ ሥራ ስንሠራ አሳምረን እንድንሠራው በሃይማኖታችን ታዘናል። ይህ ትእዛዝ ለሶላት ብቻ ሳይሆን ለብየዳም ነው።

ከየት እንጀምር?

ከእኛ ብዙዎቻችን ነገውኑ ባቡር ለመሥራት አቅሙ የለንም። ጅማሬው ግን ቀላል ነው።

ቤት ውስጥ፦ አባት ወይም እናት ባሉበት በራድ ውሃ እስከ ግማሹ ይጣድ። ከቀጭን ቆርቆሮ ስምንት ክንፍ ያላት ትንሽ መዘውር ተቆርጣ በሽቦ ላይ ትሰካ። ውሃው ሲፈላ ሽቦውን በጉጠት ይዞ መዘውሯን ወደ በራዱ አፍ ማስጠጋት ነው። ትዞራለች። ተቂዩዲን የጻፈው ይህንኑ ነው። ልጆች አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እንጠይቃቸው፤ ከአፉ አጠገብ ያለው ባዶ የሚመስል ቦታ እውነተኛው እንፋሎት ነው፣ ነጩ ጉም ግን ወደ ውሃ ጠብታ የተመለሰው ነው። ማስጠንቀቂያ፦ የበራዱ አፍም ሆነ ክዳን ፈጽሞ አይደፈን፤ ማንኛውም ዝግ ጣሳ እሳት ላይ አይጣድ። እንፋሎት ከፈላ ውሃ የበለጠ ያቃጥላል።

ትምህርት ቤት ውስጥ፦ ቴርሞሜትር ያለው መምህር ውሃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ያስለካ። መጽሐፉ 100 ይላል። 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው በነፋስ መውጫ ግን ወደ 90 አካባቢ ይፈላል። በደጋ ባቄላ ሳይበስል የሚያስመሽበት ምክንያት ይህ ነው። ተማሪው ሳይንስ የራሱ መንደር ጉዳይ መሆኑን በዚህ ይረዳል።

ሙያ ለሚማሩ ወጣቶች፦ ማፍያ ሳይሠሩ ሞተሩን ብቻ መሥራት ይቻላል። ትንሽ ሲሊንደርና ፒስተን በቶርኖ ተሠርታ፣ ግፊቱ ዝቅ ተደርጎ በጎሚስታ ቤት የአየር መጭመቂያ ብትፈተን ያለ እሳትና ያለ አደጋ ትዞራለች። በዓለም ያሉ ሞዴል ሠሪዎችም ሥራቸውን መጀመሪያ የሚፈትኑት በአየር ነው። ማፍያው ብዙ ልምድ ካለው ሰው ጋር፣ በመጨረሻ ይመጣል። ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ የብረት ሥራ ትምህርት በአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። ሴት ልጆቻችንም ከዚህ አይገለሉ፤ ሞረድ ጾታ አይመርጥም።

«ሞዴል መሥራት ሥዕል ከመሥራት አይቆጠርም ወይ?» ብለው የሚጠይቁ ይኖራሉ። ባቡር ነፍስ ያለው ፍጡር ስላልሆነ ከዚያ ክርክር ውጭ ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በሌላ ነው። ገንዘብ እንዳይባክን፣ እሳቱን ሲጠብቁ ሶላት እንዳያልፍ።

በየዓመቱ ወጣቶቻችን ሥራ ፍለጋ ወደ መተማ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ አልፎም ወደ ዐረብ አገር ይሄዳሉ። ብዙዎቹ ይዘውት የሚሄዱት ጉልበት ብቻ ነው። ጉልበት ደግሞ በጋይንት ዳገት መድፍ ከጎተቱት አባቶቻችን ጀምሮ አጥቶን አያውቅም። የሚጎድለን ጉልበትን የሚያቀልል ሙያና ያንን ሙያ የሚያከብር ዓይን ነው። ልጃችን ብረት ይዞ ሲመጣ «ይህን ለጠይብ ተወው» ከማለት ይልቅ «በልክ ሠርተኸዋል?» ብለን እንጠይቀው። ለገበያው አንጥረኛም በሰላምታ ቀድመን፣ ልጃችንን «ጋሼ፣ ያስተምሩልኝ» ብለን ብንወስድለት፣ ከብዙ ዘመን በፊት የተዘጋ በር ይከፈታል ኢንሻአላህ።

አላህ (ሱ.ወ.) እጃቸው የሚሠራ፣ ልባቸው የሚፈራው፣ ወንድማቸውን የማይንቁ ልጆች ይስጠን። አሚን።